አራት ስንዝር ከሦስት ጣት

ጎምቦ ብረቱን ከጭነት መኪናው አውርዶ ወርክሾፑ በር ላይ ጣለው። ፀርማ የብየዳ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ አየችው። ራሱ ነው። ከስምንት ቀን በፊት በገዛ እጇ ቆርጣ፣ በይዳ፣ ጥቁር ቀለም ቀብታ ለአባቷ የላከችው የዊንች መቀመጫ። ቀለሙ እንኳ አልተፋቀም።

«አልገባም» አለ ጎምቦ።

«አልገባም ስትል?»

«አልገባም ስል አልገባም ነዋ። ሁለቱ ክንዶቹ ሻንሲውን ከውጭ አቅፈው ይይዛሉ ብለሽ አልነበር? ምኑን ያቅፉታል። መሃላቸው በግ ታሳልፊያለሽ።»

ይህ ጎምቦ ፀርማ ከምትኖርባት የወረዳ ከተማ እየተነሳ ኢደር የሚባለውን ወንዝ እየተሻገረ ሱፍና ቆዳ የሚጭን ሰው ነው። ለመንገደኛው ሁሉ ዕቃም ያደርሳል፣ ወሬም ያደርሳል። ዕቃው አንዳንዴ ይዘገያል እንጂ ወሬው ዘግይቶ አያውቅም።

ፀርማ ሜትሯን መዘዘችና ለካች። ዘጠና አራት ሴንቲ። እንደገና ለካች። ዘጠና አራት። የታዘዘችውም ዘጠና አራት ነው። እንግዲህ ትክክል ተለክቶ፣ ትክክል ተሠርቶ፣ በምን ምክንያት ነው የማይገባው? ብረቱን በእግሯ ጫፍ ነካ አደረገችው፣ መልስ የሚሰጣት ይመስል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የፀርማ አባት አዛውንቱ ዳምዲን አርባ ዓመት ሾፌር የነበሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ከሚስታቸው ከሃንዳ ጋር ወንዙ ማዶ ከብት ያረባሉ። መኪናቸው ዋዝ የሚባለው የሩሲያ መኪና ነው፤ በዕድሜ ፀርማን ይበልጣል። ፊቱ ግን የራሱ አይደለም። ከሃያ ዓመት በፊት ከድንጋይ ጋር ተላትሞ ሲጨማደድ፣ ዳምዲን የፊቱን ሻንሲ፣ ማለትም አካሉን የሚሸከመውን ብረት፣ ቆርጠው ጣሉና ከአንድ የሞተ ጭነት መኪና የነቀሉትን ብረት ቀጠሉበት። ከዚያ ወዲህ ለዋዝ ተብሎ የተሠራ ነገር እዚያ መኪና ላይ አይገጥምም። ሁሉም በልክ ይሠራል።

ዊንቹን፣ ማለትም የሰመጠ መኪና ጎትቶ የሚያወጣውን የሽቦ መጠቅለያ፣ የላከው ታናሽ ወንድሟ ዞሪግ ነው። ዋና ከተማው ኡላንባታር ይኖራል። ወላጆቹን ወደዚያ ለመውሰድ ሦስት ዓመት ለምኗል፣ ተቆጥቷል፣ አኩርፏል። በመጨረሻ ዊንቹን በካርቶን አስሮ ላከና በስልክ ተናገረ። «እንግዲህ ጎረቤቶቻችሁ ሁሉ ለቀው ሄደዋል። ረግረግ ውስጥ ብትገቡ የሚጎትታችሁ ሰው የለም። ወደ ክረምት ሰፈር ከመዛወራችሁ በፊት ይህ ነገር መኪናው ላይ ይገጠም። በጥቅምት ሁለተኛው ቅዳሜ እመጣለሁ። ካልተገጠመ ጭነት መኪና ይዤ ነው የምመጣው፤ ጠቅልዬ እወስዳችኋለሁ።»

ዳምዲን ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ከመቀመጥ መሞት ይሻለኛል ባይ ናቸው። ፀርማ በወንድሟ ፊት ዋስ የቆመችላቸው እሷ ናት። አባዬ ደህና ናቸው፣ እኔ መቀመጫውን እሠራለሁ፣ አንድ ክፉ ነገር ካየሁም አልደብቅህም ብላዋለች። አሁን ለዚያ ቅዳሜ የቀረው አሥራ ሁለት ቀን ነው፣ ብረቱም ተመልሶ በሯ ላይ ተጋድሟል።

ስንዝሩን ልነግራችሁ ረስቼ ነበር። የፀርማ ወርክሾፕ በር መቃን ላይ በመጋዝ የተጫሩ ሁለት መስመሮች አሉ። ከታችኛው እስከ ላይኛው ልክ ሃያ ሁለት ሴንቲ ነው። የአባቷ ስንዝር ነው፤ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ መሃል ጣት ጫፍ። ወርክሾፑን ስትከፍት እጃቸውን ዘርግተው ያስጫሩላት ራሳቸው ናቸው። ሜትር እጁን ለማያምን ሰው ነው ይላሉ። ውሸታቸውንም አይደለም፤ ያደገችበት ገር፣ ማለትም ክቡ የጠጉር ድንኳን፣ በሩም፣ የአልጋው እግርም፣ የምድጃው ክዳንም በዚያ ስንዝር ተለክቶ የተሠራ ነው፤ አንዱም ሲያንስ ወይም ሲተርፍ አላየችም። ለዚህም ነው አባቷ በስልክ «አራት ስንዝር ከሦስት ጣት» ሲሏት ያለ አንዳች ጥርጣሬ ቆርጣ የበየደችው።

ደወለች። ማዶ ስልክ የሚሠራው ኮረብታው አናት ላይ ብቻ ስለሆነ አባቷ በቀን አንድ ጊዜ በመኪና ወጥተው ይጠብቃሉ።

«አባዬ፣ ብረቱ ተመለሰ።»

«እኔ ነኝ የመለስኩት። ሰፍቷል።»

«አራት ስንዝር ከሦስት ጣት ነው ያሉኝ።»

«አዎ፣ ብያለሁ።»

«እሱን ነው የሠራሁት።»

«አልሠራሽም። በማን ስንዝር ነው የሠራሽው?»

«በእርስዎ ነዋ። በሩ ላይ ባለው።»

የኮረብታው ነፋስ ስልኩ ውስጥ ይሰማል። «በሩ አብጦ ይሆናላ» አሉ አባቷ። «እንጨት እኮ ያብጣል።»

«በር በግ እስኪያሳልፍ አያብጥም አባዬ። ምናለ በሜትር ቢለኩልኝ?»

«ሜትሩን ውሻ በላው።»

«ውሻ ሜትር ይበላል እንዴ?»

«የእኛ ይበላል። ይልቅ ስሚኝ፤ የዊንቹ ማላቀቂያ እጀታ በግራ በኩል ይሁን።»

ፀርማ ጆሮዋን ተጠራጠረች። በግራ በኩል እኮ የመሪው ሳጥን አለ። እጀታው በዚያ ከሆነ ዊንቹን ገልብጣ ልታስረው ነው፤ እንዲያም ሆኖ እጅ እንደልብ አይገባም። ይህንን ደግሞ አባቷ ከማንም በላይ ያውቃሉ። «ለምንድን ነው በግራ?»

«በቀኝ ፀሐይ ይመጣብኛል።»

«የምን ፀሐይ?»

«አድርጊላቸው ልጄ» የሚል የእናቷ ድምፅ ከጎን ተሰማ። «ያሉትን ብቻ አድርጊላቸው።»

ስልኩ ተቋረጠ። ፀርማ መዶሻዋን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ፀሐዩ ይቅር። እናቷ ኮረብታው ላይ ምን ይሠራሉ? አርባ ዓመት ሙሉ መኪና ሆዴን ያገላብጠዋል እያሉ፣ ለሠርግ ሲጠሩ እንኳ በፈረስ የሚሄዱ ሴት ናቸው።

ጎምቦን ጠየቀችው።

«እሳቸውማ» አለ ጎምቦ፣ «እንደ ሙሽራ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው የማያቸው። በበጋው ሁሉ ከዚያች ወንበር አልወረዱም። ሽማግሌው ከብት ሊፈልጉ ሲወጡ እሳቸው አሉ፤ ውሃ ሲቀዱ እሳቸው አሉ። ፍቅር በስተርጅና ይሆናል። እኔ ግን ስጠጋቸው መኪናዋን ያቆሙና እስካልፍ ድረስ አይነቃነቁም።»

በማግስቱ አባቷ ራሳቸው ደወሉ። «ጠዋት በብርዱ ወጥቼ እንደገና ለካሁት» አሉ። «ልክ ነሽ፣ ተሳስቼ ነበር።»

«እሰይ። ስንት ሆነ?»

«አራት ስንዝር ከአምስት ጣት።»

ፀርማ የያዘችው ጠመኔ ከእጇ ወደቀ። የመጀመሪያው ብረት የተመለሰው ሰፍቶ ነው። አሁን ደግሞ ከዚያም የሰፋ ሥሪ እየተባለች ነው። «አባዬ፣ ያ ሰፋ አሉ አይደል? ይህ እኮ ይብሳል።»

«እኔ የለካሁትን ነው የምነግርሽ።»

«ሻንሲው እያደገ ነው ማለት ነው?»

«አትቀልጂብኝ» አሉና ዘጉት።

ያን ቀን ሥራ አልሠራችም ብል ይቀላል። የአንድ ደንበኛ የበር ማጠፊያ ገልብጣ በየደች፤ ሌላው ብሎን ሲጠይቃት ዳዶ ሰጠችው። እየሄደች መቃኑን ትለካለች፤ ሃያ ሁለት ነው። ብረቱን ትለካለች፤ ዘጠና አራት ነው። ምናልባት አባቷ አረጁና መቁጠር ጠፋባቸው ብላ አሰበች። መቁጠር ከጠፋባቸው ለዞሪግ መንገር አለባት፤ ከነገረችው ደግሞ አለቀላቸው። ግን እኮ ስድስት መቶ በግ በዓይናቸው ቆጥረው አንዲት ጎደለች የሚሉ ሰው ናቸው። ታዲያ እስከ አራት መቁጠር እንዴት ያቅታቸዋል? መኪናውን ራሱን ያምጡልኝ ስትላቸውም ወንዙ ሞልቷል ይሏታል። ጎምቦ በዚያው ወንዝ በሳምንት ሁለቴ ይሻገራል።

በመጨረሻ በጎምቦ በኩል ለእናቷ ላከች። አባዬ ሳያዩ ሻንሲውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በገመድ ይለኩና ሁለት ቋጠሮ አስረው ይላኩልኝ አለች። ገመዱ በአራተኛው ቀን መጣ። ከፈረስ ጭራ የተገመደ ነው፤ ሁለት ጠንካራ ቋጠሮ አለበት። ዘርግታ ለካችው። ሰባ አራት ሴንቲ።

መቃኑ ላይ አስጠጋችው። በአባቷ ስንዝር ሦስት ስንዝር ከአራት ጣት ይመጣል። እጃቸው አራት ስንዝር ከሦስት ጣት ይላል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከአምስት ጣት። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። የእናቷን ቋጠሮ ታውቀዋለች፤ የአባቷንም እጅ ታውቀዋለች። ሁለቱንም አምናቸው ኖራለች። ፀርማ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ገመዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ቆየች፤ አንዳችም አልተገለጠላት።

ሐሙስ ዕለት፣ ዞሪግ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ስምንት ሚሊውን ላሜራ ረዘም አድርጋ ቆርጣ፣ የብየዳ ማሽኑንና ጄኔሬተሩን ጎምቦ መኪና ላይ ጭና ወንዙን ተሻገረች። ወንዙ ሞልቷል የተባለው እስከ ጎማው ግማሽ እንኳ አልደረሰም።

አባቷ ከገሩ በር ላይ ቆመው ነበር። ሰማያዊ ረጅም ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ እጅጌያቸው ጣታቸውን አልፎ ወርዷል። ጉንጯን ሳሟት። ከነጭ ወር፣ ከአዲሱ ዓመት በዓል ወዲህ አላየቻቸውም። ፊታቸው ያው ነው፤ ዓይናቸውም ያው ነው። ደስ አላት።

ጎምቦ እንደ ወጉ የሱረት ብልቃጡን በቀኝ መዳፉ አድርጎ ዘረጋላቸው። አባቷ አላነሱትም።

«ሱረት ትቻለሁ» አሉ።

ጎምቦ ብልቃጡን እንደያዘ ቀረ። «መቼ?»

«ትቻለሁ አልኩህ።»

ሃምሳ ዓመት ሱረት የወሰዱ ሰው። ደግሞስ የማይወስድ ሰውም ቢሆን ብልቃጡን ተቀብሎ፣ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ መመለሱ ነው ወጉ። ጎምቦ ፀርማን አያት፣ ፀርማ እናቷን አየች፣ እናቷ ምድጃውን አዩ። ገር ውስጥ ሲገቡ እናቷ ጨው ያለበትን የወተት ሻይ ቀዱ። ለጎምቦ በእጁ ሰጡት፤ ለፀርማ በእጇ ሰጧት። የባላቸውን ጽዋ ግን ፊታቸው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ለባል ሻይ እንደ ለማኝ ሳህን ሲቀመጥ ፀርማ አይታ አታውቅም። የተጣሉ መሰላት። አባቷ ጎንበስ ብለው ጽዋውን ሳያነሱ ከጫፉ ፉት አሉ።

ጎምቦ ወሬው እንዳይቀዘቅዝበት የፈራ ይመስል ቶሎ ተነስቶ ሄደ፤ ሱፍ የሚጭንበት ሰፈር ይጠብቀው ነበር።

ፀርማ ሜትሯን ይዛ ወደ መኪናው ሄደች። ሰባ አራት። ገመዱ አልዋሸም። «አባዬ፣ እስቲ አንዴ ይሰንዝሩልኝ» አለች።

«ለክተሽ የለም እንዴ፤ ምን ያደርግልሻል?»

«ማወቅ ፈልጌ ነው።»

«ፈረሶቹን ላያቸው» ብለው ጀርባቸውን ሰጧት። ሄደው ደግሞ ተመለሱ። «መኪናው እዚህ ተዳፋት ላይ ሆኖ አይበየድም፤ ወደ ሜዳው እናውርደው። አንቺ እስከዚያ ከወንዙ ውሃ ቅጂ።»

«ውሃ አለ እኮ።»

«ቅጂ አልኩሽ።»

ባልዲውን ይዛ ወረደች፤ ከአባት ጋር ክርክር የለም። ግን ጉብታውን እንዳለፈች የባልዲውን ክዳን መርሳቷ ትዝ አላትና ተመለሰች። የመኪናው ሞተር ተነስቶ ነበር። ኮፈኑ ወደ እሷ ዞሮ፣ መስታወቱ ላይ ፀሐይ ሳያርፍበት፣ ሁለቱም ወለል ብለው ታዩዋት። አባቷ መሪውን በግራ እጃቸው ይዘዋል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው።

«አንድ» አሉ አባቷ።

እናቷ በሁለት እጃቸው የማርሹን ዘንግ ጨብጠው ወደፊት ገፉት። መኪናው ተንቀሳቀሰ።

«ሁለት።»

እናቷ ከንፈራቸውን ነክሰው ዘንጉን ወደ ኋላ ሳቡት። ካምቢዮው ትንሽ ጮኸና ገባ። ተዳፋቱን ቀስ ብለው ወረዱ፤ ጉድጓዱን ዞሩት፤ ሜዳው ላይ ቆሙ። «ባዶ» አሉ አባቷ፤ እናቷ ዘንጉን ወደ መሃል መለሱና ላባቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። ያኔ ቀና ሲሉ ፀርማን አዩዋት።

ፀርማ ባልዲውን አስቀምጣ ሄደችና የአባቷን በር ከፈተች። «እጅዎን» አለች።

አባቷ ግራቸውን ዘረጉ።

«ያኛውን።»

እጅጌያቸውን ራሷ ሰበሰበችው። ቀኝ እጃቸው ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ጣቶቹ በብርድ ላይ እንደተረሳ ቆዳ ደርቀዋል። ኮፈኑ ላይ አስቀምጣ በቀስታ ዘረጋችው። እስከ ቻለው ተዘረጋ። ሜትሩን አስጠጋች። አሥራ ሰባት ሴንቲ። አራት ጊዜ አሥራ ሰባት፣ ሦስት ጣት ሲጨመርበት፣ ሰባ አራት። በብርድ ጠዋት ደግሞ ከዚህም ያጥራል። እጃቸው አልዋሸም፤ መቃኑም አላበጠም።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች።

«ነጭ ወር ባለቀ በሳምንቱ» አሉ እናቷ ከወዲያኛው ወንበር። «ጠዋት ሲነሱ እጅም አፍም አልታዘዝ አላቸው። አፋቸው በሦስተኛው ቀን ተመለሰ፤ ምን ዋጋ አለው፣ ተመልሶ የሚሠራው እኔን ለመቆጣት ነው።»

«ሐኪም ቤትስ?»

«ሐኪም ቤት ማለት ዞሪግ ማለት ነው» አሉ አባቷ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «በግራዬ ለሰው ዕቃ መስጠት አልችልም ፀርማ። በግራዬ ጽዋ መቀበል አልችልም፤ ነውር ነው። በግራዬ ልሰነዝርም አፈርኩ። እጄን የካድኩት መሰለኝ። ይዘረጋል፣ ነገ ይዘረጋል እያልኩ ነው የለካሁት።»

ያቺ ፀሐይ፣ ያ ውሻ፣ ያ የሞላ ወንዝ፣ ሁሉም ይሄ ነበር። ወረዳዋ ከተማ ገብተው ሰው ሁሉ እናቷ ማርሽ ሲያስገቡ እንዳያይባቸው ነበር። ፀርማ መሳቅ ፈለገች፤ ማልቀስም ፈለገች፤ ማስቀደም የፈለገችውን ሳትለይ ሄዳ ጄኔሬተሩን አስነሳች።

ያን ቀንና አርብን ሠራች። ላሜራውን በሰባ አራት ቆረጠችው፤ ሁለቱን ክንዶች በየደች፤ በየማዕዘኑ ድጋፍ አከለች፤ በትራፓን የብሎን ቀዳዳ በሳች። ዊንቹን ገልብጣ እጀታውን ወደ ግራ አመጣችው። የመሪው ሳጥን ባለበት በኩል ላሜራውን እንደ ግማሽ ጨረቃ ቆርጣ ለአንድ እጅ የሚሆን መግቢያ ከፈተች። የአባቷን ግራ እጅ ይዛ ራሷ አስገብታ ለካችው። ገባ። ስምንቱን ብሎኖች ስታጠብቅ መቀመጫው ሻንሲውን ጥብቅ አድርጎ አቀፈው።

«እንግዲህ ተገጠመ» አሉ አባቷ። «ለዞሪግ ተገጠመ ትይዋለሽ። ከዚያ በላይ አልጠየቀሽም።»

«ጠይቆኛል። አልደብቅህም ብዬዋለሁ።»

«አባትሽ ነኝ።»

«እሱም ልጅዎ ነው» አለችና ኮረብታውን በእግሯ ወጣች። አርብ ከሰዓት ነበር። ሁሉንም ነገረችው፤ እጁን፣ ማርሹን፣ ሱረቱን። ዞሪግም «ጭነት መኪናውን ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ዘጋው። ስትመለስ አባቷ አላነጋገሯትም። እራት ላይም ፊታቸውን አዞሩባት። እናቷ ብቻ ከሥጋው የወፈረውን መርጠው ሰጧት፤ ይህ ይቅርታ ይሁን ስንብት ፀርማ ማወቅ አቃታት።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ዞሪግ ትልቅ ጭነት መኪና አስከትሎ መጣ። ገመድና ብርድ ልብስ፣ ባዶ ሣጥንም ጭኗል። ታናሽ ታላቁን እንደሚሳለም ክንዱን ከአባቱ ክንድ ሥር አስገብቶ ሊደግፋቸው ሲል፣ ቀኝ እጃቸው ክንዱ ላይ እንደ እንጨት አረፈ። አየው። አባቷም ሲያይ አዩት።

«ግባ» አሉት ወደ መኪናቸው እያመለከቱ። «ከመፍረድህ በፊት ግባ።»

ፀርማና ዞሪግ ከኋላ ተቀመጡ። አባቷ ፍሪሲዮን ረገጡ። «አንድ።» እናቷ አስገቡ። «ሁለት።» አስገቡ። ከምንጩ በታች ወዳለው ረግረግ ሄዱና አባቷ ሆን ብለው መሃሉ ከተቱት። መኪናው እስከ ሆዱ ሰመጠ።

አባቷ ጭቃው ውስጥ ወረዱ። ግራ እጃቸውን በዚያች መግቢያ ከተቱና እጀታውን አላቀቁ። ሽቦውን በግራቸው ስበው እስከ ትልቁ ድንጋይ ሄዱ፤ አሰሩት፤ መንጠቆውን በጥርሳቸው አግዘው ቆለፉት። ሦስት ጊዜ ተንሸራተቱ። ዞሪግ ሊወርድ በሩን ሲከፍት እናቷ ሳይዞሩ «ተቀመጥ» አሉት። አባቷ ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተሰየሙና የዊንቹን ቁልፍ ተጫኑ። ሽቦው ተወጠረ። ፀርማ ዓይኗን ከኮፈኑ ጫፍ አልነቀለችም፤ ብየዳዋ ከተላቀቀ ወላጆቿ ወደ ከተማ የሚወሰዱት በእሷ እጅ ሥራ ነው። ብረቱ አንዴ አቃሰተ፣ ከዚያ ዝም አለ።

«አንድ» አሉ አባቷ። እናቷ አስገቡ። ጎማው ጭቃውን ለቀቀ፣ መኪናው ወጣ፤ ደረቁ ሣር ላይ ቆመ።

ዞሪግ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል። ፀርማ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች፤ ይሳቅ ያልቅስ አልለየችም።

«እማዬ» አለ በመጨረሻ።

«አቤት።»

«ሁለተኛውን ዘግይተው ነው የሚያስገቡት።»

«አባትህ ዘግይተው ነው የሚናገሩት።»

«ሰኞ ሐኪም ቤት ትሄዳላችሁ» አለ ዞሪግ። «ሁለታችሁም። እኔ እነዳለሁ። ከዚያ ወዲያ...» ንግግሩን ትቶ ከአባቱ እጅጌ ጭቃውን ይጠርግ ጀመር።

ከሐኪም ቤት በተመለሱ ማግስት፣ ማክሰኞ፣ ገሩ ተነቅሎ ያ ጭነት መኪና ላይ ተጫነ። ምድጃው፣ አልጋው፣ በሩ፣ ሁሉም። ወደ ከተማ ሊወስዳቸው የመጣው መኪና ተራራውን ወጥቶ ክረምት ሰፈራቸው አራገፋቸው። አባቷ ፀርማን ሲሰናበቱ አሁንም ብዙ አልተናገሯትም። ጽዋ ሙሉ ሻይ ግን ሰጧት፤ ፊት ለፊቷ፣ በግራ እጃቸው፣ ቀኙን ከክርናቸው ሥር ደግፈው። ፀርማ በሁለት እጇ ተቀበለች።

በረዶው ከወረደ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስልኳ ጮኸ።

«የምድጃው ክዳን ተቃጥሏል» አሉ አባቷ። «አዲስ ሥሪልኝ። ሁለት ስንዝር ከአንድ ጣት።»

ፀርማ ጠመኔዋን አንስታ ቆመች። «በየትኛው እጅ አባዬ?»

«በእናትሽ» አሉ።

«የእሳቸው ስንዝር እኮ የለኝም።»

«እኔ አውቀዋለሁ። ከቀድሞው ከእኔ ሁለት ጣት ያንሳል።»

ፀርማ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ይዛ ወደ በሩ ሄደች። ከላይኛው መስመር ሁለት ጣት ዝቅ ብላ በመጋዙ አዲስ መስመር ጫረች። አሮጌውንም አላጠፋችውም።